የጤና ምርምር ከበርሜሉ ይጀምር

ስለ ጤና ምርምር ስትራቴጂ ሲወራ መጀመሪያ የሚወጣው የርዕስ ዝርዝር ነው። እናቶች፣ ሕፃናት፣ ቲቢ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት። ማን ይጠላዋል? ግን ሁሉንም ከዘረዘርን ምን መረጥን?

ድሬዳዋን ብቻ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ትንኝ የምታስተላልፈው የዴንጊ ትኩሳት መጣ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ ሰፈሩን ሁሉ በቁርጥማት አስተኛው፣ በ2022 ደግሞ ወባ፣ ያውም በበጋ! አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ዴንጊና ቺኩንጉኒያ የምታስተላልፈዋ ትንኝም እዚያው ትፈለፈላለች። ሦስቱም በሽታ አንድ በርሜል ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

የ2022ቱን ወረርሽኝ ያጠኑት ሰዎች አካሄድ ደስ ይለኛል። ጤና ተቋም ከመጣው ታማሚ ተነስተው መኖሪያው ድረስ ሄዱ፣ አብረውት ያሉትን መረመሩ፣ በዙሪያው ያለውን ውሃ ፈተሹ። እንዲህ ያለ ጥናት ነገ ጠዋት ማን የት ይሂድ ለሚለው መልስ ይሰጣል። እኛ ጋ መደርደሪያ የሞላው ግን «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ነው (ተማሪው ምን ያድርግ፣ ርዕስ የሚሰጠው የለም)።

የሚጎድለን ጥያቄ ነው እንጂ ርዕስ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው በርሜሉን ክደን ስላልነው ይከድናል? ክዳኑን ማን ይግዛ? ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ የጤና ኤክስቴንሽኗ ወጥታ ታያለች ወይስ ሌላ ሰው ይመደብ? የግንባታው ጉድጓድስ? እሱ የጤና ቢሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ ውሃና ፍሳሽ እንዲሁም የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ከመጀመሪያው ቀን አብረው ካልተቀመጡ ጥናቱ ቢያልቅም የሚፈጽመው የለም።

መረጃውስ? በየወሩ ተደምሮ የሚላከው ሪፖርት ታማሚው የሳቢያን ሰፈር ይሁን የገንደ ቆሬ አይነግርህም። ቀበሌው ያለው የጤና ተቋሙ መዝገብ ላይ ነው፣ ያውም በጥንቃቄ ከተሞላ። ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከርሳ ወረዳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት እየተከታተለ ነው፣ ሐረር ከተማም ላይ እንዲሁ። ልምዱ ጎረቤት አለ።

እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ፕሮፖዛል አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ማን ምን ይቀይራል? ተቃራኒው ቢሆንስ? ለሁለቱም መልስ ከሌለ በጀቱ መዝገብ በትክክል ለሚሞላ ሰው ደመወዝ ይዋል።