ናልትሬክሶን በትንሽ መጠን፦ ለነርቭ ሕመምና ለድካም እንዴት እንደጀመርኩት

ናልትሬክሶን በአሜሪካ በ1984 የተፈቀደው ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ላሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎችና አደንዛዥ ዕፆች) ሱስ ሕክምና ነው፤ በ1994 ለመጠጥ ሱስም ተፈቀደ። ፋብሪካ የሚያወጣው ክኒን 50 ሚሊግራም ነው። ለቆየ ሕመም የሚታዘዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ስለሆነ ክኒኑን በቢላ እየከፈሉ እዚያ መድረስ አይቻልም። ሐኪም ያዝዛል፣ መድኃኒት የሚቀምም ፋርማሲ ደግሞ በልኩ ያዘጋጃል። ለሕመም በይፋ ስላልጸደቀ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም።

ከሁሉ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት አንድ በአንድ አየሁ። ይህን እርምጃ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እለምናለሁ። ናልትሬክሶን ኦፒዮይድ የሚያርፍበትን የነርቭ መቀበያ ይዘጋል። ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ትንሿን መጠን እንኳ ቢውጥ ድንገት ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ላብና ብርቱ ጭንቀት ሊይዘው ይችላል። ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከእነዚህ ነጻ መሆን ያስፈልጋል፤ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ለሚቆዩት ከዚያም በላይ። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ፣ ስሙ ያልተጻፈበት «የወገብ መድኃኒት» ትራማዶል ሊሆን ይችላልና ለፋርማሲስት ማሳየት ይገባል። የሳል ሽሮፕም ኮዴይን ሊኖረው ይችላል። ትራማዶልን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በራሱ ድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰዋል።

ቀጥሎ የደም ምርመራ ነው፦ ስኳር፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ጉበትና ኩላሊት። እግርን የሚያቃጥለው የቢ12 እጥረት ከሆነ መድኃኒቱ ቢ12 ነው። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድም ነርቭ ይጎዳል፤ ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ካፕሱሉን ትቼ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ያለበትን ፈሳሽ መረጥኩ፤ መጠኑን በግማሽ በግማሽ ሚሊግራም ለማሳደግ ይመቻል። መለኪያው ፋርማሲ የሚሰጠው መርፌ የሌለው 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ በአንድ ጉርሻ 5 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለጀማሪ አሥር እጥፍ ነው። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ይናወጣል፤ አቀማመጡና የማብቂያ ቀኑ ፋርማሲው እንደጻፈው ነው። ካፕሱል የሚመርጥ ሰው ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት እንዳይሆን ይጠይቅ። በጾም የሚያሳስበው ካለም ልባሱ ከእንስሳ ጄላቲን፣ መሙያው ከወተት ላክቶስ ሊሆን ስለሚችል በእጽዋት ልባስና በሴሉሎስ እንዲያዘጋጁለት መጠየቅ ይችላል።

ከሐኪሜ ጋር የተስማማነው በ0.5 ሚሊግራም ጀምሬ በየሁለት ሳምንቱ 0.5 እንድጨምር ነበር። 4.5 ጣሪያ እንጂ የግድ መድረሻ አይደለም፤ በ2 ወይም በ3 የሚሻለው ሰው እዚያው ይቆማል። በብዛት የሚያጋጥመው የእንቅልፍ መረበሽ፣ ቁልጭ ያለ ሕልም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። እንቅልፍ ከተረበሸ የማታውን ወደ ጠዋት ማዞር፣ ካልተሻለ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ነው። አንድ ቀን ከተረሳ ይዘለላል እንጂ በማግስቱ አይደረብም።

መሻሉን ለመመዘን በየምሽቱ ማቃጠሉንና ድካሙን ከ0 እስከ 10 በደብተር መጻፍ፣ እንቅልፍንም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ አዲስ መድኃኒት አለመጀመር ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሳይሞላ መፍረድ ይከብዳል። ጥናቶቹም አንድ ቃል አይናገሩም። በስታንፎርድ በጃሬድ ያንገር የተመራው የ2013 ጥናት ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያሳምምና የሚያደክም የቆየ ሕመም) ባለባቸው 31 ሴቶች ላይ ሕመሙ በ4.5 ሚሊግራም 28.8 በመቶ፣ መድኃኒት በሌለበት ክኒን 18 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በ2024 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ግን ይኸው ሕመም ባለባቸው 99 ሴቶች ላይ 6 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ሞክሮ በሕመም ላይ አሳማኝ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ለውጥ ካልታየ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማቆም ተገቢ ነው።

ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ ቀደም ብሎ ለማደንዘዣ ሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚቋረጥ እሱ ይወስናል። ለድንገተኛ አደጋ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ «ናልትሬክሶን እወስዳለሁ» የሚል፣ መጠኑና የሚወሰድበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ፤ ያለዚያ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሞርፊን ሰጥቶ ለምን እንዳልሠራ ላያውቅ ይችላል።