«ስንት ረዳት ይመደብልኛል?»

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ የዲቪ ዕጣ እንደ ደረሰው ካበሠረኝ በኋላ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ደመወዝ ሳይሆን «እዚያ ለአንድ ዋና መካኒክ ስንት ረዳት ይመድባሉ?» የሚል ነበር። ሳቅሁበት። ስልኩን ዘግቼ ጋደም ስል ግን የጋሼ መጥረጊያ ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የምሠራው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የኮንስትራክሽን ማሽኖች በሚጠገኑበት ግቢ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው መስከረም ፎርማኑ «አዲስ መካኒክ ተቀጥሯል፣ ያገርህ ሰው ነው፣ ሁለት ሳምንት አብረኸው ሥራ» አለኝ። የመጡት ሰው 57 ዓመት የሆናቸው፣ ልጃቸው ያስመጣቻቸው፣ ዕድሜያቸውን በአውራ ጎዳና የፈጁ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የአባይ በረሃ መንገድ ላይ ዲ 8 ዶዘር አፍርሰው የገጠሙ አንጋፋ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ አገር ቤት ረዳት ሆኜ ዕቃ በናፍጣ ሳጥብ፣ እንደ እሳቸው ያለ መካኒክ ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣ ነበር። እዚህ ግን እኔ ነባር፣ እሳቸው አዲስ ሆነው ተገናኘን።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ምሳቸውንና የምስክር ወረቀቶቻቸውን የያዘ ፋይል አንጠልጥለው፣ ከዚያ ሌላ ባዶ እጃቸውን መጡ። በእኛ አገር መሣሪያ ከግምጃ ቤት በፊርማ ይወጣል፤ እዚህ ግን መካኒክ የሚገባው ብዙ ሺህ ዶላር የወጣበትን የራሱን የመሣሪያ ሣጥን ይዞ ነው፤ አሠሪው የሚያቀርበው ትልልቁንና ልዩ የሆነውን ብቻ ነው። ጎረቤት መፍቻ መለመን ደግሞ እንደ ጥርስ ብሩሽ መዋስ ይቆጠራል። እኔ የራሴን ሣጥን ከፈትሁላቸው። እሳቸውም በሞተሩ ላይ እንዳጎነበሱ፣ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው «ልጄ፣ 19 ቁልፍ» ይሉኛል፤ እኔም ስድስት ዓመት በራሴ እንዳልሠራሁ ሁሉ አቀብላለሁ። ደስም ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም።

አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት አንዱን ሜክሲኳዊ ባልደረባችንን «ካቻቢቴ» ብለው ጠየቁት። አልገባውም። ጋሼ እንደ ብዙዎቻችን ካቻቢቴ የፈረንጅ ቃል ስለሆነ ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀው ይመስላቸው ነበር፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው መሆኑን እዚህ ነው የሰሙት። «ፒንሳ» ሲሉት ግን ሰውየው በስፓኒሽኛ ተቀራራቢ ቃል አለውና ወዲያው አቀበላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በካምቢዮና በፒንሳ የሚግባቡ ወዳጆች ሆነዋል፤ ፎርማኑ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ እስካሁን አልተገለጸለትም።

ስለ ሙያቸው የጀግና ተረት አላወራም። ኮምፒውተሩ ብልሽቱን በኮድ ሲነግረን እሳቸው ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፋሉ፤ አንዳንዴ እሳቸው ይቀድማሉ፣ አንዳንዴ ኮምፒውተሩ።

ያ ቀን ግን የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ፎርማኑ መጥረጊያ አምጥቶ ለጋሼ ሰጣቸው። እዚህ ማንም፣ ፎርማኑ ራሱ ሳይቀር፣ የሠራበትን ወለል ጠርጎ ይሄዳል፤ እኔም በየቀኑ እጠርጋለሁ። ጋሼ ይህን አላወቁም። መጥረጊያውን ይዘው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያም ዙሪያቸውን አዩ፤ ረዳት እየፈለጉ እንደሆነ እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት። ሮጬ «ይተዉ ጋሼ፣ እኔ!» ብዬ ከእጃቸው ወሰድሁ። ፎርማኑ ደግሞ ከእኔ እጅ ወስዶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ቦታው የእሱ ነው፣ ራሱ ይጥረገው፤ አንተም ለሁለት ሳምንት መሣሪያ ስታቀብል የዋልህበትን ሰዓት በየትኛው የሥራ ትእዛዝ ላይ ልጻፈው?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ጥያቄውም ትክክል ነበር። ለሽማግሌ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ላስረዳው ብሞክር ግን ምላሴ ተሳሰረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጠረጉ፤ እንዲያውም ከሁላችን አጥርተው ጠረጉ። መኪና ውስጥ ሳደርሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሲወርዱ ብቻ «ለልጅቷ እንዳትነግራት» አሉኝ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ረዳት የለህም። ማሽኑን የምታጥበው፣ የምትፈታው፣ የምትገጥመው፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ የምትጽፈው አንተው ነህ። ከመምጣትህ በፊት የመሣሪያዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጥና፤ የመጀመሪያዎቹን ደመወዞች ለሣጥኑ እንጂ ለሠርግና ለለቅሶ መዋጮ እንዳታስብ። ማሽን ከመንካትህ በፊት ሌላ ሰው እንዳያስነሣብህ ማጥፊያው ላይ የራስህን ጓጉንቸር አስገብተህ ቁልፉን ኪስህ ትከታለህ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ የሥራ ደኅንነት ደንብ የተደነገገ ነው፣ «ቶሎ እጨርሳለሁ» የሚል ምክንያት አይሠራም። ዘይት ከየት እንደሚያፈስ በጣትህ እየዳበስህ መፈለግህንም እዚያው ትተህ ና። በኤክስካቫተር ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 350 ባር አካባቢ ይደርሳል፣ ከመኪና ጎማ ከ100 እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ ከሚያህል ስንጥቅ የወጣ ዘይት ቆዳህን በስቶ ይገባል፤ መጀመሪያ ላይ ላያምህም ይችላል፣ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘህ ጣትህን ልታጣ ትችላለህ። ፍሳሹን በጣትህ ሳይሆን በካርቶን ቁራጭ ፈልግ። ጋሼን ይህን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ ብቻ «እሺ ጌታዬ» ብለውኛል።

አሁን ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ በየሳምንቱ እስከ ግቢያችን ከሚመጣው የመሣሪያ መኪና በዱቤ እየገዙ ሣጥናቸውን ግማሽ ያህል ሞልተዋል፤ ከእኔም መዋስ ትተዋል። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መጥረጊያውን ሲያነሡ ግን እኔ እጄን ልታጠብ እሄዳለሁ፤ እስኪጨርሱም አልመለስም።