ክሮቪ፦ ጎኗን ለባሕር የሰጠች መንደር

በስኮትላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በአበርዲንሸር ጠረፍ፣ ክሮቪ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ የአገሬው ሰዎች ግን «ክሪቪ» ነው የሚሏት። ቁልቁለቱን ወርጄ ገደሉ ሥር ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በቤቶቹ አቀማመጥ ላይ ነበር። በአንድ ረድፍ ከተደረደሩት ቤቶች አብዛኞቹ ፊታቸውን ሳይሆን ጠባቡን የጎን ግድግዳቸውን ለባሕሩ ሰጥተዋል፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስና ማዕበል የሚያገኘው ግድግዳ እንዲያንስ ነው። በቤቶቹና በውኃው መካከል ያለችው መንገድ ለእግረኛ ብቻ ስለምትበቃ፣ ነዋሪው መኪናውን ዳር አቁሞ አስቤዛውን ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ እየገፋ ይገባል።

እንዲህ ባለ ጥበት ላይ ወዶ ቤት የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባለርስቶች መሬቱን ለበግ ግጦሽ ሲፈልጉት ጭሰኞቹን ከእርሻቸው አነሷቸው፤ ሞፈር የለመደው እጃቸውም መረብና መቅዘፊያ ለመልመድ ተገደደ። «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያረሱት መሬት የእነሱ አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ ዓሣ ያጠመዱባቸው ጀልባዎችም የባለርስቱ ነበሩ። የራሳቸውን ጀልባ የገዙት ቆይቶ፣ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ገበያው በደራበት ዘመን ነው።

የሴቶቹ ድካም ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። በዚያ ጠረፍ ሚስት ቀሚሷን ሰብስባ ባሏን በጀርባዋ አዝላ ወደ ጀልባው ታደርሰው ነበር፤ እግሩ ርሶ በብርድ እንዳይውል ብላ በረዶ በሚመስለው ውኃ ውስጥ የምትቆመው እሷ ነበረች። በመንጠቆዎቹ ላይ ማጥመጃ ሥጋ የምትሰካውም፣ ዓሣውን በቅርጫት ተሸክማ የምትሸጠውም እሷው ናት።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 የተነሣው ማዕበል፣ በኔዘርላንድስ ብቻ ከ1,800 በላይ ሰዎች የሞቱበት ያው ማዕበል፣ የክሮቪን መንገድና አንዳንድ ቤቶቿን ጠርጎ ወሰደ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም፤ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራ በዓይን ወደምትታየው ወደ ጋርደንስታውን ተዛወሩ። ዛሬ አብዛኞቹ የክሮቪ ቤቶች ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች ማረፊያ ሆነዋል። ሲመሽ እግረኛው መንገድ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት መስኮቶች ከጥቂቶቹ በቀር ጨለማ ነበሩ፤ ከማዶ ግን የጋርደንስታውን መብራቶች አንድ በአንድ ይበሩ ጀመር።