አሠልጣኝ ሆኖ ማደግ፦ ከአዳራሹ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ

በአዲስ አበባ መሀል የሥልጠና ሥራ የሚገኝበት ክልል ጠባብ ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ትልልቅ ሆቴሎችና የተለያዩ ድርጅቶች አሉ። እኔ ወደ ሙያው የገባሁት በባንክ ቅርንጫፍ ሥራ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል አለፍኩ፣ አሁን በግል አሠለጥናለሁ። በከተማው አንደበተ ርቱዕ ሰው ሞልቷል፤ በንግግር ብቻ ተለይቶ መታየት ይከብዳል። ዕድገቱን ያመጣልኝ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ጥናትና ካለቀ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው፤ ሁለቱንም አሟልቶ የሚሠራ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይፈለጋል።

የሥልጠና ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መፍትሔውን ይዞ ይመጣል። «ለካውንተር ሠራተኞች የሁለት ቀን የደንበኛ አገልግሎት ሥልጠና ስጡልን» ይባላል። ቀን ከመቁረጤ በፊት ጠያቂውን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አሁን ምን እየሆነ ነው? ምን መሆን ነበረበት? ልዩነቱስ በምን ይታያል፤ በቅሬታ ብዛት፣ በተመለሰ ፎርም ወይስ በወረፋ ርዝመት? ለሦስተኛው መልስ ከጠፋ ሥልጠናው ካለቀ በኋላም ይጥቀም አይጥቀም የሚያውቅ አይኖርም።

ቀጥሎ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ መሄድ ነው። ከካውንተር ጀርባ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ማየት፣ በኢሜይል የተላከ ረጅም መጠይቅ የማይነግረውን ይናገራል። አዲስ ሒሳብ የሚከፈትባቸው ፎርሞች ጉድለት አለባቸው እየተባለ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመለሳሉ እንበል። ከተመለሱት 30 ያህሉን ወስዶ ጉድለታቸውን በዓይነት መለየት ያስፈልጋል፦ ፊርማ የጎደለው፣ የመታወቂያ ቅጂ ያልተያያዘበት፣ አድራሻው ያልተሟላ፣ የስሙ አጻጻፍ ከመታወቂያው ጋር የማይገጥም። አብዛኞቹ ቅጂ የሌላቸው ከሆኑና ከአንድ ቅርንጫፍ የመጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቅርንጫፉ ፎቶኮፒ ማሽን ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ችግሩ የስም አጻጻፍ ከሆነና በየቅርንጫፉ የሚታይ ከሆነ ግን በሥልጠና ሊስተካከል ይችላል። ሁልጊዜ የምጠይቀው መለያ ጥያቄም አለ፦ ሠራተኛው ግድ ቢሆንበት ይህን ሥራ በትክክል ይሠራዋል? አዎ ከሆነ ዕውቀት አልጎደለውም። የጎደለው መሣሪያ፣ ጊዜ፣ ግልጽ መመሪያ ወይም የሚከታተል ኃላፊ ነው።

ግኝቱን በአንድ ገጽ ጽፎ ለጠያቂው መመለስ ይገባል፤ «ይህ ክፍል በሥልጠና ይፈታል፣ ይህኛው አይፈታም» ብሎ ለይቶ። እንዲህ ማለት ሥራ ያሳጣል ብለው የሚፈሩ አሉ። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው፤ እንዲህ ያለ ገጽ የደረሰው ኃላፊ በሚቀጥለው ጊዜ ችግሩ ገና ሲጀምር ይደውላል፤ ከሥልጠና ሰጪነት ወደ አማካሪነት የሚሻገሩትም እዚያ ላይ ነው።

የሥልጠናው ዓላማ በዓይን በሚታይ ድርጊት መጻፍ አለበት። «ሠልጣኞች የብድር ግምገማን ይረዳሉ» የሚለውን ማንም ሊለካው አይችልም። «ሠልጣኙ የብድር ማመልከቻን ከማረጋገጫ ዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ የጎደሉትን ሰነዶች በ15 ደቂቃ ውስጥ ይለያል» ሲባል ፈተናውም መልመጃውም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ዕውቀት፣ መረዳት፣ ተግባር ላይ ማዋል እያለ ደረጃውን ያሳያል። ለሥራ ቦታ ሥልጠና ቢያንስ ተግባር ላይ ማዋል ላይ ካልደረሰ ሰው ከሥራው ለይቶ ማምጣቱ ኪሳራ ነው።

የአሠልጣኙን መመሪያ በአምስት ዓምድ አዘጋጃለሁ፦ ሰዓት፣ ርዕስ፣ አሠልጣኙ የሚሠራው፣ ሠልጣኙ የሚሠራው፣ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ። የሠልጣኙ ዓምድ ላይ «ያዳምጣል» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከመጣ እዚያ ቦታ ላይ መልመጃ ይገባል። ያለማቋረጥ ማብራራት ከ20 ደቂቃ አይለፍ። ጽሑፉና ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ደንበኛው በአማርኛ የሚናገር ከሆነ ሚና ጨዋታው (አንዱ ደንበኛ፣ ሌላው ሠራተኛ ሆኖ የሚለማመዱበት) በአማርኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ የተለማመደ ሰው ካውንተር ላይ ቆሞ የተቆጡ አዛውንት ሲገጥሙት የሚለው ይጠፋዋል።

ለአዳራሹ የምመርጠው ቁጥር ከ20 እስከ 24 ነው፤ በአራት በአራት ሲቀመጡ ቡድን ለመመሥረት አይተራመስም። አለቃና የበታች ሠራተኛ አንድ ላይ ከገቡ ጥያቄ የሚጠይቀው አለቃው ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ለኃላፊዎች ለብቻቸው ቀድሞ የሁለት ሰዓት ገለጻ መስጠት ይሻላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ ሠራተኛው ሲመለስ ኃላፊው ምን እንደተማረ አውቆ ይጠብቀዋል።

መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ቢነሳም ፕሮጀክተሩ ወዲያው ላይነሳ ይችላል። አምፖል ያላቸው የቆዩ ፕሮጀክተሮች በድንገት ሲጠፉ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ መልሰው አይበሩም፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ለዚያ ጊዜ ስክሪን የማይፈልግ መልመጃ በወረቀት ታትሞ ዝግጁ ይሁን፣ ዋና ዋናዎቹ ስላይዶችም ለየጠረጴዛው አንዳንድ ቅጂ ይኑራቸው። ማርከሮቹን ከዋዜማው ፍሊፕቻርት ላይ ሞክሩ። የኤክስቴንሽን ገመድና የኮምፒውተሩን ማገናኛ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆቴሉ አለን ያለው ገመድ ከእናንተ ላፕቶፕ ጋር አልገጥም የሚለው ጠዋት 2፡30 ላይ ነው።

ሰዓቱም የአገሩን ሕይወት ይከተል። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ፣ የጁምዓ ሶላትም ስላለ፣ የዓርብን ጠዋት አጭር አድርጎ ማቀድ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መታዘዙን ከሆቴሉ ጋር ማረጋገጥ፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ከባዱን መልመጃ ጠዋት ማድረግ። የባንኮች በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ስለሚዘጋ በሰኔ ሠራተኛ ለሥልጠና አይለቀቅም፤ ቢለቀቅም ልቡ ሒሳቡ ላይ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚዘሉት ክፍል እንግባ። አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባወጣቸው ተከታታይ መጣጥፎች የሥልጠና ምዘናን በአራት ከፍሎታል፦ የሠልጣኙ አስተያየት፣ የተማረው፣ በሥራው ላይ ያሳየው ለውጥ፣ ለድርጅቱ የመጣው ውጤት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ደረጃ ይሉኝታ ያበላሸዋል። ከአሠልጣኙ ጋር ምሳ የበላ ሰው ፎርሙ ላይ «በጣም ጥሩ» ከማለት ሌላ አይጽፍም፤ አበልና ሰርተፍኬት ሲኖርማ ጭራሽ። ስለዚህ ነጥብ መስጠቱን ትቼ ስም በማይጻፍበት ወረቀት ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ከዛሬው የትኛው ክፍል ቢቀር ምንም አይጎድልም ነበር? በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የትኛውን ሥራ ላይ ታውላለህ፣ ምንስ ያስቸግርሃል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አለቃዬ አይፈቅድም» የሚል ከበዛ ቀጣዩ ውይይት ከኃላፊዎቹ ጋር ነው።

ለሁለተኛው ደረጃ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ክብደት ያለው የተግባር ፈተና ይሰጣል፤ ለምሳሌ አምስት ጉድለት የተደበቀበት ፎርም። የዕለቱ ውጤት ግን አያታልላችሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ እንዳሳየው፣ ያልተደገመ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል። ለዚህ ቴሌግራም ርካሹ መፍትሔ ነው፤ በ3ኛው፣ በ10ኛውና በ30ኛው ቀን ሦስት ሦስት ጥያቄ በቡድኑ ላይ መለጠፍ። ጥያቄዎቹ የሥራ ገጠመኝ ይዘው ይምጡ፤ ትርጓሜ ብቻ የሚጠይቁ ከሆኑ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚመልስ አይገኝም።

ሦስተኛው ደረጃ ከ30 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራ ቦታ ሄዶ ማየት ነው። እዚህ የሚያደናቅፈው ዝውውር ነው፤ የሠለጠነው ሠራተኛ ሌላ ክፍል ተመድቦ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት ለሁለት ወር እንዳይዘዋወር ከሰው ሀብት ክፍሉ ጋር በጽሑፍ መስማማት ይጠቅማል። አራተኛው ላይ ደግሞ ለውጡ የሥልጠናው ነው ወይስ የሌላ ነገር የሚለው ጥያቄ ይነሳል። አዲስ ሲስተም በዚያው ወር ቢገባ ምስጋናው የማን ነው? የተሻለው ዘዴ ቅርንጫፎቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከስድስት ሳምንት በኋላ ማሠልጠንና በመካከል ያለውን ልዩነት መመዝገብ ነው። የሚቀርበት የለም፣ ማወዳደሪያም ይገኛል። ይህ ቁጥር በአንድ ገጽ ሲቀርብለት ነው የበላይ አመራሩ የሥልጠና ክፍሉን እንደ ወጪ ማየት የሚያቆመው።

ከሥልጠና ወደ ሰው ኃይል ልማት ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ከአዳራሹ ውጪ ያለውን መማሪያ ማደራጀት ይልመድ፦ በሥራ ላይ ማለማመድ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው በዕቅድ ማዘዋወር፣ ተተኪ ማዘጋጀት። ሰባ፣ ሃያ፣ አሥር የሚባለውን ቀመር (ሰው ከሚማረው ሰባ በመቶው ከሥራው፣ ሃያው ከሌሎች ሰዎች፣ አሥሩ ከመደበኛ ሥልጠና ነው የሚለውን) ብዙዎች እንደ ሕግ ይጠቅሱታል። መነሻው የሥራ ኃላፊዎች ከምን እንደተማሩ ራሳቸው ከተናገሩት ነው፤ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ በጀት ለመክፈል አያገለግልም።

ጥሩ መጀመሪያ የአዲስ ሠራተኛ ቅበላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ ኃላፊው ለመወሰን የሚያስፈልገው ማስረጃ ከዚያ በፊት መሟላት አለበት። እኔ በ15ኛው፣ በ35ኛውና በ50ኛው የሥራ ቀን የሚሞላ አጭር የግምገማ ቅጽ አስገባለሁ። መጨረሻው በ50ኛው ቀን የሚሆነው ለማስተካከልም ለመወያየትም አሥር ቀን እንዲተርፍ ነው። ለሁሉም የሥራ መደብ በአንድ ጊዜ የብቃት ማዕቀፍ፣ ማለትም መደቡ የሚጠይቀውን ዕውቀትና ክህሎት ዝርዝር፣ ለመሥራት መሞከር ያዳክማል፤ ብዙ ሰው ባለባቸው አምስት መደቦች ጀምሩ።

የምስክር ወረቀትን በተመለከተ፣ ቀድሞ የአሜሪካ የሥልጠናና ልማት ማኅበር ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2014 ስሙን የቀየረው ኤቲዲ ሁለት ደረጃ አለው፤ ኤፒቲዲ ለጀማሪ ባለሙያ፣ ሲፒቲዲ ልምድ ላካበተ። ሁለቱም የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፣ ክፍያቸውም በዶላር ስለሆነ የባንክ ካርድ ጉዳይ አስቀድሞ ይታሰብበት። ለቅጥር ግን ከወረቀቱ ይልቅ የሥራ ማኅደር ይበልጥ ይሠራል፦ አንድ የፍላጎት ጥናት፣ አንድ የአሠልጣኝ መመሪያ፣ አንድ የበፊትና የበኋላ ውጤት፤ የድርጅቱ ስምና የደንበኛ መረጃ ወጥቶለት። የባንክ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች የሚከፍተው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ነባሮቹ ባንኮች ሠራተኛቸውን የማብቃትና የማቆየት ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባቸዋል፤ እንዲህ ያለ ማኅደር የያዘ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ነው።

በግል ለመሥራት ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ከክፍያው ላይ የሚቆረጠውን ቅድመ ግብር ማረጋገጫ ደረሰኝ በዚያው ቀን መቀበል፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ማሳደድ አስቸጋሪ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሥልጠና ሐሳብ የሚቀርበው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ነሐሴ ላይ የሚመጣ ጥሩ ሐሳብ ገንዘቡ ለሌላ ተመድቦ ያገኘዋል። ዋጋ ስታወጡ አዳራሽ ውስጥ የምትቆሙበትን ቀን ብቻ አትቁጠሩ፤ ለአንድ ቀን አዲስ ሥልጠና እኔ ቢያንስ አምስት የዝግጅት ቀን አስባለሁ። ከፊል ክፍያ በቅድሚያ ይጠየቅ። የ60 ቀኑ የክትትል ጉብኝትና ሪፖርትም በፋይናንሻል ሰነዱ ላይ ራሱን የቻለ መስመርና ዋጋ ይኑረው፤ በጠቅላላው ዋጋ ውስጥ ከተዋጠ ድርድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።