ደብዛዛው ሪል

የሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ሥራ፣ ማለትም ፊልም ማሳየት፣ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ያኔ የምናሳየው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር፤ ምስሉ ለአፍታ ብዥ ካለ አዳራሹ በፉጨት ይናወጣል። ስለዚህ እጄ ከሌንሱ ቀለበት አይርቅም። አሜሪካ መጥቼ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም አዳራሽ ውስጥ ስቀጠርም ያው ልማድ አብሮኝ መጣ፤ ከደበዘዘ ማጥራት ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

አንድ ምሽት ከኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሁለት ሪል (ጥቅል) 16 ሚሊ ሜትር ፊልም መጣልን። አሜሪካዊው ሠዓሊና ፊልም ሠሪ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1965 የሠራው «ፑር ሊትል ሪች ገርል» ነው። አንደርግራውንድ ከሚባለው ሲኒማ ወገን ነው፤ ከሆሊውድ ደጅ ውጭ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ስቱዲዮና የተጠና ቃለ ተውኔት ሳይኖር የሚሠራ። እያንዳንዱ ሪል 33 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ፊልሙ የመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ ስለ ቅጂው ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት ነበረ። ሰዓት ስለረፈደብኝ አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፊልሙን አስገባሁ።

መብራቱ ጠፋ፣ ማሽኑ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። አልጋ የሚመስል ነገር፣ አልጋው ላይ ሰው የሚመስል ነገር። ፊቷ ነጭ ጠብታ፣ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች። ቀለበቱን ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ባሰበት። ወደ ግራ መለስኩት፣ ያው ነው። አምስት ስድስት ደቂቃ ከቀለበቱ ጋር ስታገል ቆየሁና ላቤ ሲመጣ ማሽኑን አቆምኩት። መብራት አበራሁ፣ ሌንሱን ነቅዬ ጠረግሁ፣ ፊልሙ የሚያልፍበትን በር በብሩሽ አጸዳሁ፣ ወርጄም ተመልካቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ያው ጭጋግ።

በዚህ መሃል አለቃዬ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማሽን ክፍል ውስጥ ነው የኖሩት።

«ምን እየፈለግክ ነው?» አሉኝ።

«ፎከስ።»

«ሴትዮዋን ተዋት። ብናኙን እይ» ብለው ከመሳቢያ ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር አውጥተው ሰጡኝ።

ግሬይን የሚሉትን ማለታቸው ነው፤ ፊልሙ ላይ ምስሉን የሚሠራውን የብር ቅንጣት። በመነጽሩ ሳየው ስክሪኑ ሙሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ይርመሰመሳል፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ተለይቶ ይታያል። ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ጭረት እንኳ እንደ ፀጉር ቀጥናና ጠርታ ወረደች። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ያ ጭጋግ ፊልሙ ሲቀረጽ በካሜራው ሌንስ ችግር የመጣ ነው፤ ዋርሆል አልጣለውም፣ የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ አድርጎ ተወው። ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። አንብቤው ቢሆን ኖሮ አንድ አዳራሽ ሰው አላጉላላም ነበር። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሥራ ላይ አፍሬ አላውቅም።

ሁለተኛው ሪል ሲገባ ግን ጥርት አለ። አልጋው ላይ የነበረችው ኢዲ ሴጅዊክ ናት፣ የፊልሙ ተዋናይ። አጭር ብርማ ፀጉር፣ በጥቁር ኩል የተከበቡ ትልልቅ ዓይኖች። ትራስ ላይ ተደግፋ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ስልክ ታወራለች፣ ልብስ እያወጣች ትለካለች፤ ከካሜራው ጀርባ ያለ ጓደኛዋም ያናግራታል። የወረሰችውን ገንዘብ በስድስት ወር ውስጥ እንዴት እንደጨረሰችው ስትናገር አዳራሹ ሳቀ። ያን ሳቅ እኔ አልወደድኩትም፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ ሌሊቱን ስለ እሷ ሳነብ ካደርኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ተወለደች፤ ከስምንት ልጆች ሰባተኛዋ። ዘሯ የታወቀ ነው፤ ከቅድመ አያቶቿ አንዱ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። በ1962፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለች፣ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አስገቧት። በ1964 አንድ ወንድሟ ሆስፒታል ውስጥ ራሱን አጠፋ። በጥር 1965 ደግሞ ሌላው ወንድሟ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ይህ ፊልም የተቀረጸው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። ሁለተኛው ወንድሟ ከሞተ ሁለት ወር ቢሆነው ነው! በእኛ አገር ቢሆን ገና ለቅሶ ደራሽ ከቤቷ ባልወጣ ነበር። እሷ ግን ክፍሏ ውስጥ ካሜራ ተተክሎባት ትስቃለች። ነሐሴ ላይ «ቮግ» መጽሔት የዘመኑ ወጣት አርአያ አድርጎ አወጣት። ከዋርሆል ጋር ዓመት ያህል ሠርታ ተለያዩ። በ1966 የምትኖርበት ቼልሲ ሆቴል ክፍሏ ተቃጥሎ እጆቿ ተጎዱ። ከዚያ ሆስፒታል መግባት መውጣት፣ መድኃኒትና ዕፅ። በኅዳር 1971 የእንቅልፍ መድኃኒት ከአልኮል ጋር ተደርቦ ገደላት። 28 ዓመቷ ነበር፤ ካገባችም ገና አራት ወሯ።

በማግስቱ ጠዋት ፊልሙን ከመመለሳችን በፊት መፈተሽ ነበረብን። አለቃዬን አስፈቅጄ የመጀመሪያውን ሪል ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን አየሁት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ቀለበቱን ሳልነካ።

ዓይን ሲለምደው ጭጋጉ ውስጥ ሰው አለ። ትነቃለች። ስልክ አንስታ ቡናና የብርቱካን ጭማቂ ታዛለች። ሸክላ እየተጫወተ አካሏን ታፍታታለች። ከዚያ አንድ ነጭ ነገር ወደ ፊቷ ይሄዳል፤ እጇ ነው። ክኒን እየዋጠች ነው። እኔ ማታ ያን ጊዜ ከቀለበቱ ጋር ስታገል ነበር።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ካሜራውን የያዙት ሰዎች እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ፣ ምሽቱን አዳራሽ የተቀመጠው ሕዝብም ነበረ፣ እኔም ነበርኩ። ፊልሙን አቁሜ መብራት ያበራሁት ግን ምስሉ አልጠራ ስላለኝ ነው። እርግጥ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆነው ፊልም ነው፤ አቆምኩት አላቆምኩት ለእሷ የሚተርፍ ነገር የለም። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎች ይህን የነጻ ሕይወት ሥዕል ነው ሲሉ ልቤ አይቀበለውም። የታመመች ልጅ ናት። በዚያ ላይ ከእነዚህ ፊልሞች ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አላገኘችም።

ፊልሙን መልሼ ጠቀለልኩ። የጠርዙን ቀዳዳዎች በጣቴ እየዳሰስኩ አለፍኩ፤ የተቀደደ የለም። ከቆርቆሮው ጋር የሚመለሰው ቅጽ ላይ አሳዪው አስተያየቱን የሚያሰፍርበት ቦታ አለ። አለቃዬ ብዕራቸውን አቀበሉኝ። «ሪል 1፦ ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ ቀለበቱን አትንካ። ብናኙን ተመልከት» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ አሰብኩና ከሥሩ ጨመርኩ፦ «ከዚያ እሷን ተመልከት።»

አለቃዬ አነበቡት፣ ፈረሙበት፣ ቆርቆሮውን ዘጉት።