ነጭ ጓንትና አንድ ከረጢት ብይ

ሽማግሌው «ባት» ይሉኛል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ዞር ብዬ እግሬን አየሁ። እኛ ጋ ባት ከጉልበት በታች ነው፤ ሱሪዬ ከኋላ የተቀደደ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ ብሪታንያ፣ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ባት ማለት ባልንጀራ ነው። ድሮ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ አብሮህ የሚቆፍረው ሰው ባትህ ነበር።

እሳቸውም ቆፋሪ ነበሩ። አሁን 84 ዓመታቸው ነው፤ ደረጃ ሁለት ሲወጡ ይተነፍሳሉ፣ ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ። የከሰሉ አቧራ ከሳንባቸው አልወጣም።

ሥራዬ ኬር ነው። ለእናቴ «ጤና ዘርፍ ነው» ብያታለሁ፤ እሷ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄ ሆስፒታል ገባ» ብላ አውርታለች። ዝም አልኩ። እውነቱ ግን ሽማግሌ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ኪኒን መቁጠር፣ ሻይ ማፍላት ነው። ለአንድ ሰው 30 ደቂቃ። ስትገባ ስልክህን ትነካለህ፣ ስትወጣ ትነካለህ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ስልኩ ይጮሃል። ሰማያዊ ጓንት ስታጠልቅ ስታወልቅ ቀኑ ያልቃል። ማታ እጄን ሳየው ለሳምንት ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ይመስላል።

ቤታቸው ትሬዲጋር ነው፤ ከኒውፖርት በላይ፣ ዝናብ የማያጣው ኮረብታ ላይ። የኤን ኤች ኤስን፣ የብሪታንያን ነፃ የመንግሥት ሕክምና፣ ነገር ያመጣው ፖለቲከኛ አናይሪን ቤቫን የተወለደው እዚያ ነው። ይህን የማያውቅ የትሬዲጋር ሰው አላገኘሁም፤ ሳትጠይቃቸው ነው የሚነግሩህ። የሽማግሌው ጀግና ግን ቤቫን አይደለም። ግድግዳቸው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ አንድ ፎቶ አለ፦ ቢራቢሮ ከረባት ያሰረ፣ ፀጉሩ ግንባሩ መሐል ላይ ሾል ብሎ የወረደ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ሰው። አስፈሪ ነው ብዬ ስናገር ሳቁ። ሰውየውን አገር ሁሉ የሚጠራው «ድራኩላ» እያለ ነበር ለካ። ሬይ ሪርደን ነው፤ የስኑከር ተጫዋች።

ስኑከር የፑል ታላቅ ወንድም ነው በሉት። ጠረጴዛው ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ወርዱ 6። ቀይ ኳስ 15፣ ሌላ ቀለም ያላቸው ስድስት፣ የሚመታው ነጩ አንድ። አንድ ቀይ ካስገባህ በኋላ አንድ ባለ ቀለም፣ ከዚያ እንደገና ቀይ። ጥቁሩ ሰባት ነጥብ ያወጣል። ከየቀዩ በኋላ ጥቁሩን ብቻ እያስገባህ፣ በመጨረሻ ባለ ቀለሞቹንም ሳትስት ከጨረስክ 147 ነው። እኔ አንዴ ሞክሬ ሦስተኛው ላይ ቀረሁ።

ጉለሌ ሳድግ ፑል ቤት ገብቼ አውቃለሁ። አባቴ ፑሉንም ጆተኒውንም በአንድ ስም «ከረምቡላ» ነው የሚለው። ከረምቡላ ቤት የዋለ ልጅ ደግሞ ያለቀለት ዱርዬ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ፎርፌ ስጫወት ከኋላዬ ቤቱ ጸጥ አለ። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ምንም አላለም። እንጨቱን ከእጄ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ጆሮዬን ይዞ በመንደሩ መሐል አሳለፈኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ግራ ገባቸው። በነሱ ሸለቆ ቆፋሪዎቹ ከደሞዛቸው ሳንቲም እያዋጡ የሠራተኛ አዳራሽ ይሠሩ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱም የስኑከሩ ጠረጴዛም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሪርደንም ልጅ ሳለ እጁን ያሟሸው በትሬዲጋሩ የሠራተኞች አዳራሽ ነው። የተወለደው በ1932 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)፤ በ14 ዓመቱ ጥሩ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቶ እምቢ አለና አባቱን ተከትሎ ጉድጓድ ወረደ። የኔ አባት ይህን ቢሰማ ጆሮውን ይይዝ ነበር፤ የሪርደንን ማለቴ ነው።

አንድ ጠዋት እያጠብኳቸው ሳለ ጓንቴን አዩትና «እሱም ያደርግ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«ሬይ። ነጭ ጓንት። ጉድጓድ ውስጥ።»

እስቲ አስቡት። ጥቁር አቧራ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ፊቱ ሁሉ የጠቆረ ሰው፣ በዚያ መሐል ነጭ ጓንት። ጣቶቹ እንዳይሻክሩ ነው፤ እንጨቱን የሚይዝበት እጅ ነዋ። ቀን አካፋ እየጨበጠ እጁን ለማታ ያስቀምጠው ነበር። ባልንጀሮቹ ሳይስቁበት የቀሩ አይመስለኝም። ሳቁም አልሳቁ ከ1950 እስከ 1955 ድረስ የዌልስ አማተር ሻምፒዮናን ለስድስት ዓመት በተከታታይ በላው።

በ1956 ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ኦን ትሬንት ሄደ። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱም እንዳንተ ስደተኛ ነው» ይላሉ። በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ስደት መባሉ ያስቀኛል፤ ግን አልሳቅሁባቸውም። እዚያም ያው ከሰል ነው። አንድ ቀን ዋሻው ተናደና ድንጋይ ተጫነው። ሦስት ሰዓት። እጅ አይነሳ፣ እግር አይንቀሳቀስ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን አደረገ? ብይ ተጫወተ። በሐሳቡ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ብይ እየወረወሩ፣ አንዱን ጨዋታ ጨርሶ ሌላ እየጀመረ፣ ቆፍረው እስኪያወጡት ድረስ አእምሮውን ያዘው። ሽማግሌው «ማርብል» ሲሉ መጀመሪያ እምነ በረድ መስሎኝ ነበር። በጣታቸው ሲያሳዩኝ ነው «እንዴ፣ ብይ!» ብዬ የጮህኩት። እኔም ይህን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሰፈራችንን ሱቆች ከላይ እስከ ታች እቆጥራለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ተወው። በ1960 ፖሊስ ሆነ፤ በ1967 ደግሞ ዩኒፎርሙን አውልቆ ፕሮፌሽናል ሆነ። ዕድሜው ወደ 35 ነው። በ1970 ጆን ፑልማንን 37 ለ33 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1973 እስከ 1976 አራት ዓመት በተከታታይ ደገመው። ሽማግሌው በጣም የሚወዱት የ1975ቱን ነው፦ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ኤዲ ቻርልተንን በገዛ አገሩ 31 ለ30። ስድስተኛውን በ1978 ሲወስድ 45 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ የዓለም ዋንጫ የወሰደ ሌላ ሰው እስከ 2022 አልተገኘም። ያኔ የበለጠው ሮኒ ኦሱሊቫን ነው፤ በ2004 ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ አሠልጣኙ ማን ነበር? ራሱ ሪርደን።

አንዱን ፋሲካ ሥራ ላይ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 5፣ 2024። ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ፣ ሌሊት ድክም ብሎኝ ሳልፈስክ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀን ላይ ሽማግሌው ቤት ስገባ «ቴሌቪዥኑን አትጋርድ!» አሉኝ። ለካ የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ነው፤ ሼፊልድ፣ ክሩሲብል ቲያትር። ጃክ ጆንስ የሚባል የዌልስ ልጅ፣ እዚሁ ጎረቤት የኩምብራን፣ በማጣሪያ ገብቶ ፍጻሜ ደርሷል። ኪረን ዊልሰን ግን ፋታ አልሰጠውም፤ ገና ከጅምሩ 7 ለ0። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ዝም አሉ።

ሁለት እንቁላል ቀቀልኩላቸው። ዛሬ ፋሲካችን ነው፣ ጾም የሚፈታበት ቀን ነው ስላቸው አንዱን ከሳህናቸው አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ዶሮ ወጥ የለ፣ ዳቦ የለ። በዌልስ እንቁላል ፈሰክሁ። ልጁ በማግስቱ 18 ለ14 ተሸነፈ፤ ከ7 ለ0 ተነስቶ እዚያ መድረሱም ጀግንነት ነው።

ያን ሰሞን አባቴ ሲደውል የሪርደንን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁለት። ከረምቡላ ተጫውቶ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ ከመንግሥት ኒሻን የተሸለመ ሰው። አባቴ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ፦

«እና አንተ አሁን እንደገና ጀመርክ?»

በጁላይ አንድ ቀን ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሪርደን በ91 ዓመቱ ሞቷል፤ ጁላይ 19። ምን እንደምል ጠፋኝ። እኛ ጋ ቢሆን «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ እቀመጣለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይመጣል። እዚህ 30 ደቂቃ ነው ያለኝ። ጫማቸውን አስተካክዬ ኪኒናቸውን ሰጥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ከረጢት ብይ በአንድ ፓውንድ ገዛሁ። ፎጣ አጥፌ ትሪ ላይ አነጠፍኩ፣ ትሪውን ጭናቸው ላይ አደረግኩ። ጓንቴን አወለቅኩ። አውራ ጣታቸው ቆልማማ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ከትሪው ወርዶ ሶፋው ሥር ገባ። ሁለተኛው የኔን ሳተ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ሄዶ መታት፤ ቀጭን ድምፅ አወጣች። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ሳቁ፤ ትንፋሻቸው ለሳቅ አይበቃም።

ስልኩ ጮኸ። ተራው ገና የሳቸው ነበር።