ከፊዚክስ ወደ ኳንት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ይህን የምጽፈው ፊዚክስ ጨርሳችሁ ቀጥሎ ምን እንደምትሠሩ ለምታስቡ ጓደኞቼ ነው። እኔም አራት ኪሎ ፊዚክስ ነው የተማርኩት። አሁን አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የስጋት አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ለኳንት ሥራ እያጠናሁ ነው። ኳንት ማለት የገንዘብ ውሎችን ዋጋና ስጋት በሒሳብና በኮድ የሚያሰላ ባለሙያ ነው።

ሒሳቡ አያስፈራችሁ። አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሸሊዬ እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስን ገበያ የዋጋ መዋዠቅ በሒሳብ ገልጿል። አይንስታይን በ1905 ውሃ ላይ የሚንቀጠቀጡ ብናኞችን ያስረዳው በዚያው ዓይነት ሒሳብ ነው። በ1973 የታተመው፣ የገንዘብ ውሎችን ዋጋ ለማስላት የሚያገለግለው የብላክና የሾልስ እኩልታም ተለዋዋጮቹን ስትቀያይሯቸው የለመድነው የሙቀት ስርጭት እኩልታ ይሆናል። ፊሸር ብላክ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪው በፊዚክስ ነበር። አዲስ የሚሆንባችሁ የኢቶ ካልኩለስ፣ ማለትም በዘፈቀደ ለሚዋዥቁ ነገሮች የተሠራው ካልኩለስ ነው፤ እሱም ብራውኒያን እንቅስቃሴን፣ ያንን የብናኞች መንቀጥቀጥ፣ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባል።

እኔን ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሌላ ነገር ነው። ፊዚክስ ውስጥ አቻ አላገኘሁለትም።

አንድ አክሲዮን ዛሬ 100 ብር ነው እንበል። ነገ ወይ 110 ይሆናል ወይ 90። ነገ በ100 ብር የመግዛት መብት፣ ማለትም ኦፕሽን፣ ለሰው ብትሸጡ ስንት ታስከፍላላችሁ? የፊዚክስ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ዋጋው የመጨመር ዕድሉ ስንት እንደሆነ ነው። እኔም እዚያው ነበር የጀመርኩት። ግን ይህን ሞክሩ። ኦፕሽኑን ሽጡና ግማሽ አክሲዮን ግዙ። ዋጋው 110 ከሆነ ግማሹ አክሲዮን 55 ያወጣል፤ ለገዢው 10 ከፍላችሁ 45 ይተርፋችኋል። 90 ከሆነ ግማሹ 45 ያወጣል፤ የምትከፍሉት ነገር የለም። በሁለቱም መንገድ 45። ስጋቱ ጠፋ ማለት ነው። ግማሹን አክሲዮን የገዛችሁት በ50 ብር ስለሆነ፣ ወለዱን ከተውነው የኦፕሽኑ ዋጋ 5 ብር ነው። የመጨመር ዕድሉ 50 በመቶም ይሁን 90 በመቶ ዋጋው አይለወጥም። የብላክና የሾልስ እኩልታ ውስጥ የአክሲዮኑ አማካይ ዕድገት የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን በወረቀት ሠርታችሁ ሳታምኑበት ወደ ቀመሮቹ አትሂዱ። እኔ ካመንኩበት በኋላ ነው ቀሪው ሁሉ መልክ የያዘልኝ።

ኮድ ላይ ብዙ አልልም። ፓይተን በቂ ነው። ኦፕሽኑን በቀመር አስሉት፣ ከዚያ በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በዘፈቀደ ቁጥሮች ደጋግሞ በመሞከር፣ አስሉትና አወዳድሩ። ስህተቱን በአሥር እጥፍ ለመቀነስ የሙከራውን ቁጥር በመቶ እጥፍ መጨመር እንዳለባችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ፊዚክስ ውስጥ ትናንት የለካነው ነገም ይሠራል። ገበያ ላይ ይህ ዋስትና የለም። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወደቀ። በለመድነው የደወል ቅርጽ ስርጭት ከሄድን፣ እንዲህ ያለ ቀን የጽንፈ ዓለሙን ዕድሜ ያህል ብንጠብቅም መምጣት አልነበረበትም።

የኛው ብር ግን ከዚህ የበለጠ አስተምሮኛል። የዶላር ምንዛሪን የቆየ መረጃ ብትወስዱ የዕለት ለውጡ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የዋጋ መዋዠቁን ለሚለካ ሰው በጣም የተረጋጋ ይመስላል። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 አካባቢ ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም 100ን አለፈ። መረጃው ጸጥ ያለው ተመኑ በመንግሥት እጅ ስለነበር ነው። ያንን ቁጥሩ ራሱ አይነግራችሁም። ስለዚህ የባንክ ሕግና የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ማንበብ ከኢቶ ካልኩለስ እኩል የሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን የፊዚክስ ልጆች ይህን ክፍል ዘለን ማለፍ እንወዳለን።

ሥራን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ኒውዮርክና ለንደን ያሉትን የንግድ ድርጅቶች ነው የሚያስበው። በር የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች የስሌት ሞዴሎቻቸውን ገለልተኛ በሆነ ክፍል እንዲያስፈትሹ መመሪያ አውጥቷል። የሰውን ስሌት እየፈተሹ የት እንደሚሰበር መፈለግ ደግሞ ላብራቶሪ ያደገ ሰው ሥራ ነው። እዚህ አገርም አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው የሒሳብ አያያዝ ደረጃ አለ። ባንኮች ካበደሩት ገንዘብ ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድመው እንዲገምቱ ያስገድዳል። ተበዳሪ ሳይከፍል የመቅረቱን ዕድል የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ የገባሁት በዚህ በኩል ነው።

አሁን የያዝኩት የግምጃ ቤት ሰነድን፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ሰነድ ነው። የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀናት ሰነዶች ጨረታ ላይ የወጣውን ወለድ ሰብስቤ የወለድ ኩርባ፣ ማለትም ወለዱ ከብድሩ ዘመን ጋር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ መስመር፣ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። አራት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ኩርባውን ከልክ በላይ ማጠማዘዝ አይቻልም፤ ቀላሉን ቅርጽ መርጫለሁ። ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እየሰፋ ሲሄድ ረዘም ያሉ ቦንዶችን እጨምርበታለሁ። የቆዩ ጨረታዎችን ውጤት በሥርዓት ያስቀመጠ ካለ ይጻፍልኝ። ኮዱን በምላሹ እልካለሁ።